የዐለቱ ቅጠል መዓዛ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ሐምሌ ተጋምሶ ዝናብ አልወረደም። ሰው በደሉን ከሰው ቢሰውር ከፍርሃቱ አይሰውረውም፤ ጓንጉል የተባለው ገበሬ፣ ቃሉ ጥቂት ፊቱም ጽኑ የሆነው፣ ይህን ያወቀው ከመንደሩ ጠበል በላይ ያለው ዐለት በደረቀ ጊዜ ነው። በዚያ ዐለት ላይ እንደ ጉበት የተንጣለለ፣ አበባም ፍሬም የሌለው፣ ሲዳስሱት ሎሚ ሎሚ የሚሸት እርጥብ ቅጠል ይበቅል ነበር፤ ከስፍራውም ከውኃ በቀር አንዳች እንዳይወሰድ የአባቶች ግዝት ነበረ። እርሱ ግን በጥቅምት፣ ልጁ ይታይሽ ከከተማ "ለምርምር ጥቂት ላክልኝ" ብትለው፣ ግዝቱን እያወቀ በቢላዋው ፍቆ ልኮላት ነበር። አሁን ቅጠሉ ጠወለገ፣ መዓዛው ጠፋ፣ ውኃውም ቀጠነ፤ ምእመናኑም የጠበሉን ጠባቂ እማሆይ ወለተ ሥላሴን "ቅጠሉን ፍቀው የሸጡት እሳቸው ናቸው" ብለው በመጪው እሑድ ሊያባርሯቸው ቆረጡ።

ጓንጉል ለማንም ሳይናገር ወደ ልጁ ሄደ። ይታይሽ የቅጠሉን ዘይት ስታወጣ ነበርና ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ ደጅ ሲደርስ ያ መዓዛ ተቀበለው። በነጭ መብራት ሥር ቅጠሉ በብዙ የታሸጉ ብርጭቆዎች ውስጥ ለምልሞ ቢያይ፣ አንዱን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

"አባባ፣ ክዳኑን ተወው። ከእጅህ ሻጋታ ከገባበት በሦስት ቀን ይሞታል።"

"ከእኔ እጅ?"

"ከእኔም ቢሆን። እኔ እንኳ የምነካው እጄን በአልኮል ታሽቼ ነው።"

"ሽታውን ከጠበሉ ነው የወሰዳችሁት?"

"አይደለም፤ ራሱ ነው የሚሠራው። ተባይ እንዳይበላው በውስጡ የዘይት ጠብታ ይቋጥራል። ዐለቱም የደረቀው በዝናብ እጦት ነው፤ አንተ የፋቅኸው መዳፍ አይሞላም።"

"ዝናቡንስ ማን ከለከለው?"

"እሱን እንኳ በብርጭቆ አላበቅለውም።"

አልሳቀም። "እሑድ እማሆይን ያባርሯቸዋል" አላት።

ይታይሽም አንዱን ብርጭቆ አንሥታ ሰጠችው። እርሱም እንደ ታሸገ በጋቢው ሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ መንገዱን ሁሉ እጁን እየፈራ ተመለሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ እማሆይን ከብቦ ሳለ፣ ቢላዋውን ከመካከል አኖረና "የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ የሚባረርም ካለ እኔ ነኝ" አለ። ፍርዱንም ሳይጠብቅ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ዐለቱ ወጣ፤ ክዳኑን ከፍቶ ቅጠሉን ከዐለቱ ስንጥቅ ጥላ ሲያኖር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የወሰደ እጅ ሲመልስ ካልተንቀጠቀጠ ገና አልመለሰምና።