በምኒልክ አደባባይ የተደፈነው በር

ፍራኦል በፈረንጆቹ 2007 ከድሬዳዋ ጅቡቲ የወረደው ወደ የመን ለመሻገር ነበር። ደላላው "ነገ፣ ከነገ ወዲያ" እያለ ሲያጉላላው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ግንበኛ ነውና ጅቡቲ ከተማ መሃል ምኒልክ አደባባይ ላይ ሥራ አገኘ። አሠሪው ዙለይካ ከአያቷ የወረሰችውን ባለ ቅስት በረንዳ ፎቅ አድሳ ሻይ ቤት ልታደርገው ተነሥታለች።

የላይኛውን ክፍል ልስን ሲያወርድ ከሥሩ ነጭ ድንጋይ ብቅ አለ፤ ከባሕር የተቆረጠ፣ ዛጎል ጣል ጣል ያለበት። በኋለኛው ግድግዳ ላይ ግን መዶሻው ሌላ ድምፅ ሰጠ።

"ማዳም፣ ይኼ ግድግዳ ከኋላው ባዶ ነው" አላት በሱማሊኛ።

"እንዴት ባዶ ይሆናል? እናቴ እዚያ ጋ ሚስማር እንኳ አታስመታም ነበር።"

በመዳፉ ገፋ ቢያደርገው ግድግዳው ተንዶ ወረደ። ሁለቱም እየሳሉ ሸሹ። አቧራው ሲጠራ የበር ቅስት፣ ከኋላውም ወደ ጓሮው መንገድ የሚወርድ ጠባብ ደረጃ ታየ።

ዙለይካ ሆዳን ሰፈር ለሚኖሩት አክስቷ ለኢማን ደወለች። አሮጊቷ የተገኘውን ሲሰሙ በሳቅ ፈነዱ።

"እሱ እኮ የእኔ በር ነው! እንዳትነኩት፣ መጣሁ!"

በታክሲ ከች አሉ። ፍራኦል የድሬ ልጅ መሆኑን ሲሰሙማ ወሬውን በአማርኛ ያዙት።

"ባሌ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ እንዳንተው የድሬ ልጅ። አባቴ 'ለእሱ አልድርሽም' አለ። እኔም ጎህ ሳይቀድ ጫማዬን አውልቄ በዚህ ደረጃ ወርጄ፣ ጣቢያው ደርሼ፣ ባቡር ላይ! አባቴ በዚያኑ ዕለት በገዛ እጁ በሩን ደፈነው አሉኝ። ሳንታረቅ ሞተ። ልቡ እንደ ግንብ ደንድኖብኛል እያልኩ ኖርኩ።"

"ግንቡስ መቼ ደነደነ?" አለ ፍራኦል ፍርስራሹን እያሳያቸው። "በድንጋዮቹ መሃል የሚያጣብቅ ኖራ የለም፣ አሸዋ ብቻ ነው። ልስኑ ነው ይዞት የኖረው። ማንም ገፋ ቢያደርገው ይወድቅ ነበር።"

ኢማን አሸዋውን ዘግነው በጣቶቻቸው አሹት።

"ኖራ የለም? አባቴ እኮ የኖራ ነጋዴ ነበር! ግማሹ ከተማ የተሠራው በእሱ ኖራ ነው!"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። "አንተ ሽማግሌ! ክፍት ትተህልኝ ነው ለካ!"

ፍራኦል በኋላ ለበሩ የእንጨት መዝጊያ ገጠመለት። ሥራውን ያዩ የአደባባዩ ባለ ቤቶች እየተሻሙ ስለጠሩት የየመኑ ነገር በዚያው ቀረ።

ኢማን ግን መዝጊያውን አልጠበቁም። ያኔውኑ ጫማቸውን አውልቀው፣ የዙለይካን ክንድ ይዘው ደረጃውን ወረዱ። ዞረው አደባባዩ ላይ ብቅ ሲሉ አንድ ካፌ ተቀምጠው ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ አዘዙና ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ። የቀትሩ ሙቀት ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ ሲሰበስብ እንኳ አልጨረሱም።