የሰማይነሽ በር

ሸጋ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟ ይኸነው «የጉም ዙፋን» የተባለውን ተከታታይ ልብ ወለዱን፣ እያንዳንዱን ክፍል ለአንባቢ ከማውጣቱ በፊት ለእሷ ያነብላት ነበር። ስድስቱ መጽሐፍ ያለቀው እንዲህ ነው። እሷ አዲስ ቅዳም ከተማ ካለው ችግኝ ጣቢያዋ ቁጢጥ ብላ ላስቲክ ውስጥ አፈር ትሞላለች፤ እሱ ግንድ ላይ ተቀምጦ ያነባል። በታሪኩ፣ ከጥርባ ሐይቅ ስር ባለ አገር፣ ተራ ሰዎች እጅግ የሚወዱትን ነገር እየሰጡ አማልክት ይሆናሉ። የሰፈሩ ቄስ «አማልክት» የሚለውን ስም የሰሙ ዕለት ሦስት ጊዜ አማተቡ አሉ። ለጥቀው ግን «ለመሆኑ ያቺ ሰማይነሽ ከምን ደረሰች?» ብለው ጠየቁ።

ሰማይነሽ የታሪኩ ዋና ሰው ናት፤ ወላጅ የሌለው የንጉሥ ልጅ የምታሳድግ ከሰል አክሳይ። ስድስት መጽሐፍ ሙሉ ሰው ሆና ኖራለች፤ አንባቢው አምላክ የምትሆንበትን ቀን እየጠበቀ አንገቱ ረዝሟል። ከሁሉ የባሰበት ደግሞ የሸጋ ባል ደሴ ነው። እሱም ከሰል አክሳይ ነው፤ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ከምሮ፣ አፈር አልብሶ፣ እሳት ለኩሶ ከተቀመጠ በኋላ በድምፅ የተቀዳውን የመጽሐፉን ትረካ ከስልኩ ይከፍታል። ጭሱ ዓይኑን እያቃጠለው ይስቃል፣ ያዝናል።

«ይቺ ሰማይነሽ አንቺን ነው የምትመስለኝ» ይላታል ማታ ቤት ሲገባ።

እሷም «ሂድ ወዲያ!» ትለዋለች። ደስ ይላታል ግን።

በዚያ አገር አንድ ሕግ አለ። ሰው አምላክነቱ የሚጸናው ያሳደገው ሰው «እርስዎ» ያለው ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሰው ቤት መመለሻ የለውም። ሸጋ ይህን ስትሰማ በአፈር እጇ አፏን ይዛ ስቃለች። «እኔ አንተን እርስዎ ከምልህ ምላሴ ይቆረጥ!» አለችው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አዝላ፣ አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናትና።

ሰባተኛውን መጽሐፍ ሊያነብላት የመጣ ቀን ግን እጇ ላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

«ይህን ከመጽሐፉ አውጣው» አለችው።

«የቱን?»

«በሩን። የቱን እንደሆነ አጥተኸው ነው?»

አላጣውም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ የነበረ ዕለት፣ ይኸነው ፈርቶ አልሄድም አለ። ፈተናው ዳንግላ ነው። ደሴ ለሥራ ወደ ቻግኒ ወርዷል። ሸጋ የሁለት ዓመት ልጇን ፍቅርአዲስን እንደተኛች ትታ፣ እንዳይበርዳት የከሰል ፍም አጠገቧ አኑራ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ እንዳትወጣም በሩን ከውጭ በመቀነቷ አስራ፣ ወንድሟን እጁን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። «ቶሎ እመለሳለሁ» ብላ ነበር። እሱ ግን ከፈተናው ግቢ በር ላይ እጇን ጨብጦ አልለቅ አላት። እኩለ ቀን ስትመለስ ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አላት፤ በቢላዋ ቆርጣ ገባች። ከሰሉ ልጅቷን በእንቅልፏ ወስዷታል።

ለሰው ሁሉ «ሳል ነው፤ ሌሊቱን ክንዴ ላይ አረፈች» አለች። ደሴ ከቀብሩ በኋላ ደረሰ። በሩ ቀለበት ላይ የቀረውን፣ አረንጓዴ ጥለት ያለውን የጨርቅ ቁራጭ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ጥጃ አስሬበት ነው አለችው። እውነቱን የተናገረችው አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለይኸነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ወንድም አፋፍ ይሆናል ብላ ስላልጠረጠረች ነው።

«እታለም» አላት ይኸነው፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ እያስተካከለ፤ «ያለ በሩ እኮ ሰማይነሽ አምላክ አትሆንም።»

«ባትሆንስ? ከሰሏን እያከሰለች ብትኖር ምን ይላታል?»

«ሰው ሰባት ዓመት ጠብቋል።»

«ደሴ ይሰማዋል፣ ይኸነው። ቤቴን ታፈርሰዋለህ። ያለችኝ ይቺው ቤት ናት።»

ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት። «እሺ፣ አወጣዋለሁ» አለ። እሷም አመነችው። ያሳደጉትን ካላመኑ ማንን ያምኗል?

የመጽሐፉ ምረቃ እንጅባራ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ደሴ ለክርስትና ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ከፊት ወንበር ከሸጋ አጠገብ ተቀመጠ። ሕፃን ይመስል እግሩ አላርፍ ብሎታል። ይኸነው መድረክ ላይ ወጥቶ «ያሳደገችኝ እህቴ ይቺውላችሁ!» ብሎ አስነሣት። ተጨበጨበላት። ቀይ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ከዚያ ማንበብ ጀመረ።

«ሰማይነሽ ሕፃን ልጇን አስተኛች። እንዳይበርዳት ፍሙን አጠገቧ አኖረች። እንዳትወጣ በሩን በመቀነቷ አሰረች። የንጉሡንም ልጅ እጁን ይዛ ወደ ዙፋኑ መንገድ ወጣች...»

አንዲት ቃል አላወጣም። አንዲት! ጭራሽ አሳምሮታል። ከኋላ ሴቶች ተንሰቀሰቁ። ሰማይነሽ የልጇን ሬሳ ታቅፋ ወደ ሰማይ ስታርግ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሸጋ ባሏን ማየት አልቻለችም። ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ብቻ አየች፤ አላጨበጨቡም።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ደሴ ማይክ ለመነ።

«ጥያቄዬ ትንሽ ናት» አለ። «የመቀነቱ ጥለት ቀለሙ ምን ነበር?»

ሰው ሳቀ። ይኸነው ግን አልሳቀም፤ እህቱን አያት። እሷም አየችው፤ በዓይኗ ለመነችው። ቀይ ቢል ምን ነበረበት? ቢጫ ቢልስ? የፈጠራ ሰው አይደል እንዴ! ሰባት መጽሐፍ ሙሉ ሲፈጥር የኖረ ሰው አንዲት ቀለም መፍጠር ያቅተዋል? ግን አዳራሹ ሙሉ አፉን እየጠበቀ ነበር፤ እውነቱም ከውሸቱ ይበልጥ ያምር ነበር።

«አረንጓዴ» አለ።

«ስትመለስስ እንዴት ፈታችው?»

«አልፈታችውም። ቋጠሮው ጠብቆባት በቢላዋ ቆረጠችው። ቁራጩ በሩ ላይ ቀረ።»

አዳራሹ «እሰይ!» አለ። ደሴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ማይኩን መለሰ። ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። በሸጋ በኩል ሲያልፍ ብቻ ጎንበስ አለ።

«ጥጃ ነው ያልሽኝ» አላት።

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ተከትላው ትሮጥ፣ እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። ኮቱ በበሩ ሲወጣ እያየች እዚያው ተቀምጣ ቀረች። በዚያች ሰዓት ወንድሟን ጠላችው፤ ከእሱ አብልጣ ደግሞ ያን ቀን እጁን ይዞ የተሳፈረውን የራሷን እጅ።

አንባቢዎች ለማስፈረም ተሰለፉ። ሸጋም አንድ መጽሐፍ ይዛ መጨረሻ ላይ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ይኸነው ከወንበሩ ተነሣ፤ ላብ አጥምቆታል።

«እታለም፣ ደሴን እኔ አናግረዋለሁ። ልብ ወለድ ነው እለዋለሁ። እኔ...»

መጽሐፉን ገልጣ ፊቱ አኖረችው።

«ይፈርሙልኝ» አለች።

ይኸነው ክው አለ። «እታለም፣ እንዲህ አትበይኝ። ስደቢኝ። ምቺኝ። አንተ በይኝ።»

«ለፍቅርአዲስ ብለው ይጻፉበት፣ ጌታዬ። እርስዎን ብዙ ሰው እየጠበቀዎት ነው፤ እንዳላስቆምዎት።»

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ጠረጴዛውን የከበቡት አንባቢዎች ሕጉን በቃላቸው ያውቁታልና፣ የዝግጅቱ ማሳረጊያ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ አንዱማ ስልኩን አውጥቶ «እባክዎን፣ አንዴ ይድገሙልን» አላት።