በሰንበት የመጣ ጎርፍ

ካሳው ሰንበት በመጣ ቁጥር ሙታኑን ያያል። ከሮቢት ከተማ በታች ባለው ማሳው፣ ማሽላው መሀል፣ አመድ ለብሰው ይቆማሉ። ሽማግሌ አለ፣ ሕፃን ያዘለች እናት አለች። ሁሉም እጃቸውን አጣጥፈዋል። ከዳር የሚቆመው ልጁ ዘካሪያስ ነው። ይህን የነገረው ለጎረቤቱ ለዘይኑዲን ብቻ ነው።

ማን እንደሆኑ ያውቃል። ዘካሪያስ ዲያቆን ነበርና የጥንቱን ታሪክ እራት ላይ ያወራለት ነበር። አንድ ባዕድ ንጉሥ ኢየሩሳሌምን ያዘ። ግብሩ አልበቃው ብሎ ነፍስም ካልሰገደችልኝ አለ። ሰንበት ያከበረውን ያስገድል፣ በእግዚአብሔር መሠዊያ ላይ እርያ ያሳርድ ጀመር። ጉልበተኛ ዱሮም ዛሬም ይኸው ነው፤ ጎተራህን ገልብጦ ሲጨርስ ልብህን ካልፈተሽሁ ይላል። እምቢ ያሉት አይሁድ ዋሻ ገቡ። ጭፍሮቹ ቀን መርጠው በሰንበት መጡባቸው። የዋሻውን አፍ ለመዝጋት ድንጋይ ያነሣ አልነበረም። እጃቸውን እንዳጣጠፉ ነደዱ።

ዘካሪያስም የሞተው በሰንበት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ተኩሱ ሲቀርብ ሰው ወደ ተራራ ሲሮጥ እሱ ቅዳሴው ሳያልቅ አልወጣም አለ። ሲመለስ ማሳቸው ዳር ተመታ። ካሳው መንገድ ተዘግቶበት ዋጃ ከተማ ቀርቶ ነበር፤ ልጁን ማሳው ዳር ካለው ግራር ሥር የቀበረው ዘይኑዲን ነው። አፅሙ ወደ ደብሩ እስኪፈልስ መቃብሩ እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሳው በሰንበት ገለባ እንኳ አያነሣም። በዚያ ቆላ ማሳ የሚጠጣው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ነው። ጎርፉ በጁምዓ ሰዓት ከመጣ ለዘይኑዲን ካሳው ይወጣል፤ በሰንበት ከመጣ ለካሳው ዘይኑዲን ይወጣል። እስከዚያች የነሐሴ እሑድ ድረስ አንድ ሰው በቅቶ ነበር።

ቆላው ላይ ፀሐይ ነበር፤ የምዕራቡ ተራራ ግን ጠቁሯል። የጎሊና ወንዝ ሲያጓራ ዘይኑዲን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ።

«ግድቡ ተሸርሽሯል። የግራር እሾሁን የሚይዝልኝ ካላገኘሁ የምከምርበት አፈር አይቆምም።»

«ሰው ጥራ።»

«ሰው ሁሉ በየማሳው ነው። እንደ ሙሽራ የተቀመጥህ አንተ ብቻ ነህ።»

«ሰንበት ነው፣ ዘይኑ።»

«ጎርፉ ጁምዓም ሰንበትም አያውቅ። ከጣሰ ወደ ግራሩ ነው የሚሄድ። ልጅህን አፋር በረሃ ወርደህ ልትለቅመው ነው?»

ካሳው ተነሣ፤ ግን አልተራመደም። ከዘይኑዲን ጀርባ ሙታኑ ቆመዋል።

«እሱ ለሰንበት ሞተ። እኔ ለመቃብሩ ብዬ ሰንበቱን ልሻርበት?»

«አንተ ታሪኩን ዋሻው ላይ ታቆማለህ» አለ ዘይኑዲን። «ልጅህ ማሽላ ስንጠብቅ ለእኔ ጨርሶ ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«አንድ ሽማግሌ ካህን ከነልጆቹ ተራራ ገብቶ ነበር አለኝ። የዋሻውን መርዶ ሰምቶ አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ፣ ሁላችንም እንደነሱ ከሆንን ሰንበት የሚያከብር ሰው አይተርፍም፣ በሰንበት የመጣብንን በሰንበት እንመክታለን አለ። አምፀውም ቤተ መቅደሳቸውን አስመለሱ። ልጅህም ‹አባቴ ግን ዋሻው ላይ ስደርስ በቃኝ ይለኛል› እያለ ይስቅብህ ነበር።»

«ዋሽተኸኝ እንደሆን…»

«አላህ ይፍረድብኝ። አሁን ና።»

ካሳው ተከትሎት ወደ ግድቡ ወረደ። በቃኝ ይል የነበረው እውነት ነው። የሞቱትን ማልቀስ ይጣፍጠው ነበር፤ ተነሥተው የተዋጉትን አንድ ቀን አልጠየቀም።

ውሃው ወገቡ ድረስ መጣ። የግራር እሾሁን በደረቱ አቅፎ ያዘ፤ ዘይኑዲን አፈሩን በላዩ ይከምራል። እሾሁ ሸሚዙን አልፎ ሥጋው ገባ። ጎርፉ የመቃብሩን የታች ድንጋዮች ሁለቱን ነቅሎ ወሰደ፣ ሦስተኛውን ነቀነቀ፤ ከዚያ ግድቡ ሲከብድበት ወደ ማሽላው ዞረ።

ካሳው ቀና አለ። ሙታኑ አልሄዱም። ጎርፉ በመሀላቸው ያልፋል፣ የአንዳቸውንም አመድ አያጥብም። ልጁ ፊት ላይ ይቅርታ ፈለገ፤ ቁጣም ቢሆን ፈለገ። ዘካሪያስ የሚያየው እሱን ሳይሆን ተራራውን ነበር።

«አሁንም አሉ?» አለ ዘይኑዲን እያለከለከ።

«አሉ።»

«ይቁሙ እንግዲህ። አንተ እንዳትለቅ፣ ሌላ ውሃ እየመጣ ነው።»

ካሳው ልጁ ወደሚያይበት ዞረ። ተራራው እንደገና አጓራ። እሾሁን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው።