በቅሎዋ የናቀችው ውሃ

በጥር ወር፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከጋፋት በታች ባለው ወንዝ ዳር ወይዘሮ ላቀች፣ ልጃቸው ዓለምነውና ያረጀችው በቅሏቸው ነበሩ። ዓለምነው በቅሎዋን ሊሸጣት ወደ ገበያ እየወሰዳት ነው።

«የአገሯን ውሃ ጠጥታ ትሂድ» አሉ ላቀች። ሟቹ ባለቤታቸው በዚሁ ድንጋይ ላይ ቆመው ሲያጠጧት ያፏጩላት ነበር። እሳቸውም እያፈሩ እንደዚያው አፏጩላት። በቅሎዋ ግን ውሃውን አሽትታ ፊቷን አዞረች።

«አርጅታለች አላልኩሽም፣ እማዬ? ፉጨትሽም አላማራትም!»

«አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ‹እሷ የናቀችውን ውሃ ለልጆቼ እንዳትቀጂ› ይሉኝ ነበር። እስቲ ጎንበስ ብለህ እይ።»

ዓለምነው ጎንበስ ሲል ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ዘይት አየ። ውሃ ቀጂዎቹ ገና ከመንደር አልወረዱም። ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ሄደና ናፍጣ የሚያንጠባጥብ የመስኖ ሞተር አገኘ፤ ባለቤቱን ጠርቶ አስጠፋው።

ላቀች በቅሎዋን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።