በአንዳርጌ ደጃፍ የተነሰነሰው አመድ

"እንዳትረግጪው!" አንዳርጌ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ቃልኪዳንን በክንዱ አግዶ ከበሩ መለሳት። ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ዛሬም አመድ ተነስንሷል። በእጁ መንካት ፈርቶ በወይራ ቅጠል ጠረገውና በአጥሩ በኩል ወደ ጎረቤቱ አየ።

"ምን ታፈጥብኛለህ? ቀንድ አበቀልሁ እንዴ?" አለችው አመተ ሥላሴ ጓሮዋ ውስጥ ቆማ።

በድንበር ከተጣሉ ወዲህ አያምናትም። ባለፈው ሳምንት ቃልኪዳን እዚሁ ድንጋይ ላይ አዳልጧት ስትወድቅ ጥርጣሬው ሥር ሰደደ። አሁን ደግሞ አመድ!

"ፅንሱን ልታስወርድ አስደግማ ነው" አለ ለሚስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ኧረ ተው፣ ያላየኸውን አታውራ!"

"ለቄስ ይግዛው ትናንት ነግሬአቸዋለሁ፤ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ይገዝቱልኛል። ግዝት ባለቤቱን አይስትም። የነሰነሰው እጁ ይድረቅ!"

የስድስት ዓመት ሴት ልጁን ኪዳንን አስከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ዳገቱ ላይ ያለው ዐለት ረጥቧል። የኪዳን ኮንጎ ጫማ ሲያዳልጣት ክንዷን ለቀም አደረጋት።

"ዓይንሽ የት ነው?"

"አመድ ቢኖረው አያዳልጥም ነበር።"

አንዳርጌ ቀጥ አለ። "ምን አልሽ? ማን ነገረሽ? አመተ ሥላሴ ናት የላከችሽ?"

"መምህርት ትርሲት ናቸው" አለች እንባዋ እየመጣ። "እጃችሁን አሻሹ አሉን፤ ሞቀን። ሲታሹ ይያያዛሉ፣ ሰበቃ ይባላል አሉን። በሳሙና ስናሸው ግን ሙልጭ አለ። ሰበቃ ባይኖር ሁላችሁም እየተንሸራተታችሁ ታች ወገዳ ገበያ ትገቡ ነበር ብለው አሳቁን። እርጥብ ድንጋይም እንደ ሳሙና ነው፤ አመድ ወይ አሸዋ ሲነሰነስበት እግር ይይዛል አሉን።"

"እና አንቺ ነሽ?"

"እማዬ እንዳትወድቅ ብዬ። እጁ ይድረቅ ስትል ግን ፈራሁ... አባዬ፣ የተገዘተ ልጅ እጁ ይደርቃል?"

አሁንም ልቡ አላመነም። ከመንገዱ ዳር አሸዋ ዘግኖ ዐለቱ ላይ በተነና ረገጠው። እግሩን ያዘው። ልጁን አንስቶ ታቀፈና ዳገቱን በሩጫ ወጣ።

ቅዳሴው አልቋል። ቄስ ይግዛው መስቀላቸውን ይዘው ሕዝቡ ፊት ቆመዋል። "በአንዳርጌ ደጅ አመድ የነሰነሰ..." ሲሉ የሁሉም ዓይን ቀድማው በደረሰችው አመተ ሥላሴ ላይ አረፈ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባለች።

"አባ፣ ይቆዩ!" አንዳርጌ ተጠግቶ በጆሯቸው ነገራቸው።

ቄሱ ኪዳንን አዩአት። "እንግዲያ ትቼዋለሁ በልና ይብቃ" አሉት ቀስ ብለው። "ማን ይጠይቅሃል?"

ትቼዋለሁ ቢል ልጁ ትድናለች። ሴትዮዋ ግን እንደተጠረጠረች ልትኖር ነው። አንዳርጌ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"አመዱን የነሰነሰችው ልጄ ናት፤ እናቷን እንዳያዳልጣት ብላ። በከንቱ የሰው ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"የማንን ስም?" አለ አንዱ ከኋላ።

አንዳርጌ ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ አነሳ፤ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና አጎንብሶ ወደ አመተ ሥላሴ ተራመደ።