የእናት ልጅ ኩላሊት

ሙሉጌጥ አንድ ኩላሊቷን ለታናሽ እህቷ ስትሰጥ ዓይኗን አላሸችም። ሐኪሞቹ ግን በቀላሉ አልለቀቋትም። ያስገደዳት ሰው እንዳለ ጠየቋት፤ ጥቅም ተቀብላ እንደሆነም ጠየቋት፤ ሐሳቧን ብትቀይር ማንም እንደማይቀየማት ደጋግመው ነገሯት። በመጨረሻ ሰለቻትና፣ «የእናቴ ልጅ ናት፤ ሌላ ምን ልንገራችሁ?» አለቻቸው።

ሙሉጌጥ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ጥግ፣ ገብስና ድንች እየዘራች፣ ጥቂት በጎች እያረባች የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ከታናሿ ከየማርያምወርቅ የሚቀርባት ሰው አልነበራትም። ያቺ እህቷ ለኩላሊት እጥበት ስትመላለስ፣ ፊቷ ሲገረጣና እጇ በመርፌ ሲጠቁር ማየት ከቢላዋው የባሰ ሕመም ሆኖባት ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ሠመረ። ኩላሊቱ ከየማርያምወርቅ ሆድ በታች በስተቀኝ በኩል ተቀመጠና እንደ ደህና ሠራተኛ ሥራውን ጀመረ። ሙሉጌጥም የራሷ ቁስል ሲጠግግላት በጎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ወሰን ሰፈር ካለው የእህቷ ቤት ገብታ አስታማሚ ሆነች። ጠዋት ጠዋት «ኩላሊቴ እንዴት አደረ?» ትላለች። «አንቺኑ መስሏል፤ ዕረፍት አያውቅም» ትላታለች የማርያምወርቅ። ሁለቱም ይስቃሉ፣ ሁለቱም ስፌታቸውን ይዘው «ወይኔ» ይላሉ።

ነገር የመጣው በጠያቂ ነው። በኛ አገር በሽተኛ ያለበት ቤት በር አይዘጋም፤ ሰው ይገባል፣ ይስማል፣ ይቀመጣል፣ ከአልጋው ጫፍ ሆኖ ስለ ሌላ በሽተኛ ያወራል። ሐኪሞቹ ደግሞ ይህን ሁሉ ከልክለዋል። ስለዚህ የማርያምወርቅ ባል ልደቱ ማስክ አድርጎ የግቢውን በር ይጠብቅ ጀመር። ልደቱ የባዮሎጂ መምህር ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል ሰምቶ ምሳሌውን ብቻ የወሰደ ሰው ነው፤ ስንት ሰዓት ነው ብትሉት ስለ ልብ ምት ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም።

የእድሩ ሴቶች ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ሲመጡም «አይቻልም» ማለት አፈረና ማስተማር ጀመረ።

«ወይዘሮ አይናለም፣ አይቀየሙን» አለ ፊት ለፊት የቆሙትን ሴት። «ሰውነታችን ከሴል የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ሴል በላዩ ላይ የባለቤቱን ምልክት ይዟል። ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ዘበኞች ናቸው። እየዞሩ ምልክት ይፈትሻሉ፤ የኛ ያልሆነ ካገኙ፣ ጀርምም ይሁን ሌላ፣ ይገድሉታል። ይህ የእህቷ ኩላሊትም ለነሱ ባዳ ነው። ዝም ብንላቸው አጥቅተው ያጠፉታል። የምትውጠው መድኃኒት እነሱን የሚያዳክም ነው። ዘበኛው ሲደክም ደግሞ ጉንፋኑም ሳሉም እንደ ልቡ ይገባል።»

«እንግዲህ ጉንፋን ከገባ እኛ ብንቀር ምናለ» አሉ ወይዘሮ አይናለም። ሴቶቹ ሳቁ፤ ብርቱካኑን ለልደቱ አስረክበው፣ በመስኮት በኩል እጃቸውን አውለብልበው፣ መርቀው ሄዱ።

ሙሉጌጥ ግን አልሳቀችም። ከቧንቧው ሥር ልብስ እያጠበች ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ሁሉ ትምህርት አንዲቷ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረች። ባዳ። እጇን በቀሚሷ አብሳ ወደ ውስጥ ገባች።

«የኔ ኩላሊት ላንቺ ባዳ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ልደቱ እንደ ልማዱ አስተምሮ ነው» አለች የማርያምወርቅ።

«ያንን መድኃኒት የምትውጪው ሰውነትሽ እኔን እንዳያባርር ነው ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

የማርያምወርቅ ለእህቷ ዋሽታ አታውቅም፤ ዝም አለች። ሙሉጌጥ ከዝምታው የባሰውን ሰማች። ያንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው። እናታቸው ስታርፍ ይህችን ልጅ አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። ዛሬ ከሥጋዋ ቆርጣ ብትሰጣት የእህቷ ሥጋ በመድኃኒት ካልተገደደ አይቀበላትም። ነጠላዋን ለበሰችና በጎቼን ልይ ብላ ወጣች። ልደቱ እስከ ታክሲው ድረስ ተከትሎ ስለ ፕሮቲን ሊያስረዳት ሞከረ፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ባያስረዳት ይሻለው ነበር።

ኩርፊያዋ እንደ ራሷ ነበር። በማግስቱ ድንችና ቅቤ በሰው ላከች። ስልክ ግን አታነሣም። የማርያምወርቅ ስትደውል ሙሉጌጥ ስልኩን እያየች ታለቅሳለች፣ ሲቆም ደግሞ ለምን ቆመ ብላ ትናደዳለች።

እንዲህ እያለች ከረመች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ልደቱ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። ሙሉጌጥ በረት ውስጥ አንዲት በግ አንገቷን ይዛ ታስጠባ ነበር። ግልገሉ እናቱ የሞተችበት ነው፤ ይህቺ በግ ልጇ አይደለምና አላስጠጋው ብላ በራሷ ትጎሽመዋለች። ሙሉጌጥ ቀና ስትል የልደቱን ፊት አየችና በጓን ለቀቀች።

«ምን ሆነች?»

«እግሯ አብጧል፤ ሽንቷም ቀንሷል። ትኩሳት አላት። ሆስፒታል አስተኝተናታል።» ልደቱ አጥሩን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «መድኃኒቱን አቁማ ኖሯል፤ እየደበቀች ትጥለው ነበር። ሐኪሟ ለምን ስትላት ምን አለች መሰለዎት? ‹እህቴ ለኔ ባዳ እንዳልሆነች እንድታውቅ ነው› አለች።»

ሙሉጌጥ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ልደቱ ሊያነሣት እጁን ሲዘረጋ ገፋችው፤ ወዲያው ደግሞ ራሷ ተነሥታ ከሱ ቀድማ ቁልቁለቱን ወረደች።

ታክሲ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልደቱ ምንም አላስተማረም። ዝም ማለቱ አስፈራት። ኋላ ላይ ራሷ ጀመረችው።

«በጓ እኮ ክፉ ሆና አይደለም። ያ ግልገል የገዛ እህቷ ልጅ ነው። ሽታው የሷ ስላልሆነባት ነው የምትጎሽመው።»

«ልክ እንደዚያ ነው» አለ ልደቱ በቀስታ። «ጥላቻ አይደለም እትዬ።»

«በግ ግን ይዘህ ካስጠባሃት ሰንብታ ትለምዳለች።»

«ሰውነት አይለምድም። ዕድሜ ልክ መያዝ ነው።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ሙሉጌጥ ከታክሲው ቀድማ ወረደች።

የእህቷ ሐኪም ዶክተር ሠናይት በኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። የየማርያምወርቅ ነጭ የደም ሴሎች ኩላሊቱን ማጥቃት ጀምረዋል፤ የሚያበርዳቸው ጠንካራ መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጣት ነው፤ ኩላሊቱ መትረፍ አለመትረፉ በሽንቷና በደም ምርመራዋ ይታወቃል አለች።

«ልጄ» አለች ሙሉጌጥ፣ «አባታችንም እናታችንም አንድ ናቸው። እንዴት አያውቀኝም?»

«ሁላችንም ምልክታችንን ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት ነው የምንወስደው» አለች ዶክተሯ። «ግን እርስዎ የደረሰዎትና እሷ የደረሳት ያው አይደለም። ቁርጥ አንድ የሆናችሁ መንታ ብትሆኑ ኖሮ ያውቅዎ ነበር። አሁን ግን መድኃኒቱ የግድ ነው። የእህትዎ ፍቅር ጎድሎ አይደለም፤ ሴል እህት ምን እንደሆነች አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት አይነገሩም። ሙሉጌጥ ከአልጋው ሥር የተንጠለጠለችውን የሽንት ከረጢት እንደ ታቦት እያየች ዋለች። መጀመሪያ ያቺ ከረጢት ባዶ ናት ለማለት ትንሽ ነበር የቀራት። ቀስ በቀስ መሙላት ጀመረች። ነርሷ ለክታ «ደህና ነው» ስትል፣ ሙሉጌጥ እልል ልትል አፏን ከፍታ ሰው እንደሚተኛ አስታውሳ በነጠላዋ ሸፈነችው። በሰው ሽንት እንዲህ ተደስታ አታውቅም። ዶክተር ሠናይትም የደሙን ውጤት ይዛ መጥታ ጥቂት ቢጎዳም ኩላሊቱ ተርፏል አለች። ልደቱ ወደ መስኮቱ ዞሮ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ።

የማርያምወርቅ በደንብ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እህቷን ነው። ማስኩ ፊቷን ሸፍኖታል፤ ዓይኖቿ ግን አብጠዋል።

«እትዬ፣ ተቀይመሽኛል?»

«ተቀይሜሻለሁ። ኩላሊቴን ልትገድዪብኝ ነበር» አለች ሙሉጌጥ። «እኔ ላኮርፍ እችላለሁ፣ ታላቅሽ ነኝ። አንቺ በኔ ኩርፊያ ትሞቻለሽ?»

ነርሷ የመድኃኒቱን ሰዓት ጠብቃ ክኒኖቹን በትንሽ ኩባያ አምጥታ ሄደች። የማርያምወርቅ ኩባያዋን አየች፣ እህቷን አየች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ወጣ በይልኝ። አንቺ እያየሽኝ አልውጠውም፤ ያሳፍረኛል።»

ሙሉጌጥ አልወጣችም። ውኃውን በአንድ እጇ፣ ክኒኖቹን በሌላው ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዙሪ ወደኔ» አለቻት። «ዋጪ። ሰውነትሽ ባያውቀኝ አንቺ ታውቂኛለሽ።»

የማርያምወርቅ ዞረችና አፏን ከፈተች።