ከአፏ ሰምቻለሁ

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበርን ገብቼ የማስተምረው ክፍል አልነበረኝም፤ ጓደኛዬ ቶይባ ቀኑን የመረጠችው ይህን አስባ ነው።

“ዒዳሽን ከጨረስሽ ሁለት ወር አለፈሽ። አሁንም ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነሽ” አለችኝ። “የሚያምርሽን ትገዣለሽ፣ ጥሩ ምሳ እንበላለን፣ ሳይመሽ ከሚሴ ነን።”

ባሌ ሙሐመድዘይን የሞተው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። የዒዳውን አራት ወር ከአስር ቀን ሳልኳል፣ ሽቶ ሳልነካ፣ ከሥራ በቀር ከቤት ሳልወጣ ጨረስኩ። ከዚያም በኋላ ለመኳል አልቸኮልኩም። ስለ እሱ ለሰው አላወራም። ቶይባ ይህን ታውቃለች፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ዶርም አራት ዓመት ኖረናል። ለእሷ ማስረዳት አያስፈልገኝም ብዬ አምን ነበር።

ልጄን ሰሀርን እናቴ ዘንድ ትቼ ወጣሁ። ጎረቤቴ ሙሚናም አብራን ነበረች። ሙሚና ካለች መንገዱ አይሰለችም። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስንወርድ፣ ሚኒባሱ ጠመዝማዛው ላይ ሲፈጥን ጮኸች።

“ሹፌር፣ ማሎ ቀስ በል! ሙሽራ ይዘናል!”

“የትኛዋ ናት?” አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን።

“እኔ አይደለሁማ! እኔን ያገባኝ ሰውዬ እስካሁን እንደተቆጨ ነው።”

መኪናው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቶይባ ግን ሙሚናን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ኀዘንተኛ ፊት መቀለዷን የነቀፈቻት መሰለኝ።

ገበያው በሰውና በእንስሳ ሞልቶ ነበር። የአፋር ሴቶች የሚሸጡት ጋ ስንደርስ አንድ ሰሌን ዓይኔ ገባ። ጠባብ ነው፣ ጠርዙ ላይ ጥቁርና ቀይ ተሠርቶበታል። ሻጯ ዋጋውን በጣቶቿ አሳየችኝ።

“እታለም፣ ሰሌኑን ብቻ ነው የምንፈልገው፣ ግመሉን አልጠየቅንሽም!” አለቻት ሙሚና። ሴትየዋ አማርኛው ገብቷት ይሁን የሙሚና አኳኋን፣ ጥርሷን እያሳየች አንድ ጣት አጠፈች። ከፍዬ ጠቅልዬ ያዝኩት። ከነሐሴ ወዲህ ፈልጌ የገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ ነበር።

ቶይባ ከዚያ በቀጥታ ወደ አንድ የጨርቅ ሱቅ ወሰደችን። ሻጩ ሳንጠይቀው ሻርፕ አወረደ። የደረሰ ማሽላ ቀለም ያለው፣ ለስላሳ ነበር። ቶይባ ጥቁሩን ሻርፔን ከትከሻዬ አንስታ ያንን አለበሰችኝ፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችኝ።

“ማሻአላህ። አሁን ሰው መሰልሽ።”

ቦርሳዬን ስከፍት ሻጩ እጁን አወዛወዘ። “ተከፍሏል” አለ።

“ከኛ ነው” አለች ቶይባ። “ልበሺው በቃ።”

ከእሷና ከሙሚና መሰለኝ። እንባዬ እንዳይመጣ ብዬ አመሰገንኳትና ጥቁሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቀድሜ ወጣሁ።

ምሳ የበላነው ግድግዳው በሸንበቆ የተሠራ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ቶይባ የመራችን ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ጫማችንን አውልቀን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሩዝ ላይ የፍየል ሥጋ የተቆለለበት ትሪ መጣ፤ ጎድኑ በፍም ተጠብሶ ጠርዙ ጠቆር ብሏል። ከጎኑ ትኩስ ቂጣና የግመል ወተት ነበረ። ለሦስት ሴት በዝቶብኝ ነበር፤ ግን በላሁ። እንደዚያ ከበላሁ ወራት አልፈውኛል። ቤቴ የምበላው ሰሀር እንዳትጨነቅ ስል ነው፤ ጣዕሙ አይታወቀኝም። ያን ቀን ጨዉ ታወቀኝ፤ ጭሱ፣ ጮማው ታወቀኝ። ሁለተኛውን ጎድን አንስቼ እየጋጥኩ ሳለሁ በሩ ላይ ሰው ቆመ።

የባሌ አጎት ሼህ አብዱሰላም ናቸው። ከኋላቸው የባሌ ታናሽ ወንድም አንዋር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አንዋር ባቲ ውስጥ ፍየል ይነግዳል።

ለመነሳት ስንሞክር ሼሁ “ተቀመጡ፣ ብሉ፣ ብሉ” አሉ። አጠገባችን አረፍ ብለው ሻርፔን አዩና ፊታቸው ፈካ። “ልጄ አስያ፣ ለበስሽልን። አላህ ያስደስትሽ። ኢንሻአላህ ለጁምዓ ኒካሁን እናስራለን።”

ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ሙሚና በደስታ እጇን ዘረጋች። ቶይባ ዱዓው ሳይጀመር “አሚን” አለች።

ጎድኑን ትሪው ላይ መለስኩት።

“ሼህ፣ የማን ኒካህ ነው?”

የሼሁ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። “ያንቺና የአንዋር ነዋ። አልፈቀድሽም?”

“አልተጠየቅኩም።”

ሼሁ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ወደ ቶይባ ዞሩ። “አንቺ ልጅ፣ ቤቴ ስትመጪ ምን ብዬ ጠየቅኩሽ?”

ቶይባ ዓይኗን ትሪው ላይ ተከለች።

“ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ ባል ያገባች ግን በአፏ መናገር አለባት አላልኩሽም? ከአፏ ሰምተሻል ወይ አላልኩሽም? ምን አልሽኝ?”

“ከአፏ ሰምቻለሁ… አልኩ” አለች ቶይባ፤ ድምጿ እምብዛም አይሰማም ነበር።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤቴ መጥታ ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ፣ አንዋር ለሰሀር እንደሚጨነቅ፣ የሙሐመድዘይን ቤት ባይበተን ደስ እንደሚለው ነግራኝ ነበር። የባሌን ስም ስትጠራ አጎነበስኩ። ቀና ሳልል ምስሬን ለቀምኩ። እሷም ትንሽ ቆይታ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ሄደች።

“አውቃታለሁ እኮ!” አለች ቶይባ ለሼሁ። “ስትስማማ ዝም ነው የምትለው። ዶርምም እንደዚያ ነበረች። ብቻዋን እንድትቀር አልፈለግኩም፣ ወላሂ!”

“አትማዪ” አልኳት።

ሙሚና አፏን በእጇ ይዛለች። “አስዬ፣ ወላሂ እሺ ብላለች ተብዬ ነው የመጣሁት። ካንቺ ጋር እየቀለድኩ መስሎኝ…” ጨረፍ አድርጋ ቶይባን አየቻትና ተወችው።

“ሼህ” አልኩ፣ “አሁን ከአፌ ይስሙ። አልፈቀድኩም።”

“ሰማሁ” አሉ። “ሐቅሽ ነው። ያላንቺ ቃል ኒካህ የለም። ለዘመድ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም።”

አንዋር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ዓይኖቹ የወንድሙ ዓይኖች ናቸው። “ሻርፑን ወዳዋለች ብላኝ ነው” አለ። “የበላችሁትንም ፍየል ጠዋት በእጄ አርጄ ነው ያመጣሁት።”

ሻርፑን አውልቄ አጠፍኩና አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ጥቁሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። “የሰሀር አጎት ነህ። ስትመጣ በሩ ክፍት ነው” አልኩት። ጫማዬን አድርጌ ሰሌኔን ይዤ ወጣሁ።

ስንመለስ ቶይባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሙሚና ከፊት ነበረች፤ ሹፌሩ ጠመዝማዛው ላይ ሲፈጥንም አልጮኸችበትም። እኔ በመስኮቱ እያየሁ የማስበው ሥጋውን ነበር። ለማን እንደታረደ ሳላውቅ እንዴት በላሁ? እንዴትስ ጣፈጠኝ? ቶይባ በጎድኑ ላይ ስጎነበስ እያየችኝ፣ መብላቴንም እንደ እሺታ ቆጥራው ይሆናል።

ከሚሴ ለመግባት የጨፋን ሜዳ ስናቋርጥ ክንዴን ያዘችኝ። “አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። አስያ? አውፍ ብለሽኛል?”

እንደ ልማዴ ዝም ልል ነበር። ግን ዝምታዬን ይዛ የት እንደምትደርስ አየሁ።

“አላልኩሽም” አልኳት፣ ሙሚናም እንድትሰማ ጮክ ብዬ። “አውፍ ያልኩሽ ቀን እነግርሻለሁ። እስከዚያ ስለኔ ማንም ቢጠይቅሽ፣ አላውቅም በይ።”

ክንዴን ለቀቀች። ከሚሴ ስንወርድ ባጃጅ ልትጠራልኝ እጇን ስታነሳ፣ ሰሌኑን ብብቴ ሥር አድርጌ በእግሬ ሄድኩ።